የብረቱ ዘመድ

ጓንጉል ካሤ ዝምተኛ ነው ሲባል ቁጥብ ሰው ነው ማለት ብቻ አልነበረም። ቃል ከአፉ አይወጣም። በሠርጉ ዕለት «ልጅቱን ወደሃል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰለት ሚዜው ነው። ሴት ልጁ ክርስትና ስትነሣ ስሟን ለቄሱ የነገረችው ሚስቱ መስታወት ናት። አስከተማ ገበያ ሲወጣ ዋጋ አይከራከርም፤ ሻጩ የጠራውን ይሰማና ዕቃውን በቀስታ መልሶ አስቀምጦ መንገዱን ይቀጥላል። ሻጩ የተቆጣ ይመስለውና እየተከተለ ይቀንስለታል። እኛ የአጋም አምባ ሰዎች ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራክረን ከምንገዛው ይልቅ የሱ ሁልጊዜ ይረክሳል።

ዝምታው ክፉኛ የጎዳው አንድ ጊዜ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችውን የባቄላ መሬቱን ጎረቤቱ እየገፋ እየገፋ ሲያርስበት ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። «በል ተናገር» አሉት። ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ላብ በላብ ሆነ። ቆይቶ ቆይቶ «ይቅር» አለና ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መሬቷን የተወላት መሰላቸው፤ ጎረቤቱም ጉልበቱን ስሞ መረቀው። መሬቷ በዚያው ሄደች። ጓንጉል ማለት የፈለገው «ለዛሬ ይቅርብኝ፣ ሌላ ቀን እናገራለሁ» ነበር። ይህንንም ለመስታወት የነገራት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

«ከእንግዲህ ሽማግሌ ፊት የምትቆም ከሆነ እኔን አስቀድም» አለችው። እሱም በራሱ ነቅንቆ ተስማማ።

ተቋርጦ የነበረው የስልክ ኔትወርክ ወደ አገሩ ከተመለሰ ትንሽ ቆይቶ ከሰቆጣ በኩል መኪኖች ረጃጅም ብረት ጭነው መጡና ከመንደራችን በላይ ያለውን አፋፍ ወጡ። አፋፉ ራቁቱን ነው። የበቀለበት ቁጥቋጦ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጎነበሰ ሲሆን እንግዳ ሰው ቆብ አድርጎ ከወጣ ቆቡን የሚያገኘው ከገደሉ ሥር ነው። ሰዎቹ ብረቱን አንዱን ባንዱ ላይ እየቀጠሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እጅግ የሚበልጥ ቀጭን ምሰሶ አቆሙ፤ በአራት ወገን በሽቦ ወጠሩት። ሥራውን የምትመራው ፀጋ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ፊቷን ከፀሐይና ከአቧራ በሻሽ ጠቅልላ ሰዉን ሰበሰበችና አስረዳች።

ብረቱ መብራት አይሰጥም፤ ሥራው መለካት ብቻ ነው። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች የተሰቀሉት ትናንሽ ኩባያዎች ነፋስ ሲነካቸው ይዞራሉ። አዟዟራቸውን እግሩ ሥር ያለው ሳጥን እየቆጠረ በስልክ መስመር ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ነፋሱ በበጋም በክረምትም፣ በቀንም በሌሊትም ምን እንደሚመስል ካልታወቀ፣ መብራት የሚያመነጩትን ታላላቆቹን ተሽከርካሪዎች ለመትከል ገንዘብ የሚያወጣ የለም።

«እና እዚህ ነፋስ መኖሩን ለማወቅ ዓመት ሙሉ ይለካል?» አለ ምሳው። ምሳው ጥያቄ የማያልቅበት ጎረቤታችን ነው።

«ከዓመትም በላይ።»

«እኔ አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ። አለ።»

«ባንኩ የእርስዎን ቃል አይቀበልም፣ አያ ምሳው» አለች ፀጋ እየሳቀች።

ዘበኛ ያስፈልግ ነበር። ፀጋ የፈለገችው ከማንም ጋር የማይጨቃጨቅ ሰው ነበርና ጉባኤው በአንድ ድምፅ ጓንጉልን ጠቆመ። ፈቃደኛ እንደሆነ እንዲናገር ተጠየቀ። አንገቱን ነቀነቀ፤ ተቀጠረ።

ሥራው ፍየሎች ሽቦው ላይ እንዳይታከኩ፣ እረኞችም ኩባያዎቹን በወንጭፍ እንዳይሞክሯቸው መጠበቅ ነው። ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ጎጆ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቀኑን ሙሉ ምንም ከማይጠይቀው ነገር ጋር መዋል ለጓንጉል ገነት ሆነለት። መስታወት ማታ «ሥራው እንዴት ነው?» ብትለው «ያፏጫል» አላት። ብረቱን ማለቱ ነው። ነፋሱ ሽቦዎቹን ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ ወዶት ነበር።

በዚያ ዓመት ገብሱ አማረ። ከብዙ ክፉ ዘመን በኋላ የመጣ ገብስ ስለሆነ ሰው ሳያጉረመርም አጨደ፣ ከመረ፣ በበሬ አበራየ። የቀረው ማንሣት ነው። ምርት ማንሣት ደግሞ ነፋስ ይፈልጋል፤ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን እህሉ ይወድቃል፣ እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። ነፋሱ ግን ጠፋ። ቆርቆሮአችንን ሲነቅል፣ ከምራችንን ሲበትን ስንረግመው የኖርነውን ነፋስ በየአውድማው ቆመን እንለማመጠው ጀመር። እብቁ ወደ ላይ ይወጣና ቀጥ ብሎ በወረወረው ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ፀጉሩም ቅንድቡም ቢጫ ሆኖ ስለሚመለስ በመንገድ ላይ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ይባስ ብሎ ከምሥራቅ ያለ ጊዜው ደመና መታየት ጀመረ። ያልተነሣ ገብስ ዝናብ ከነካው አለቀለት።

አንድ ቀን ምሳው ላቡን ሊጠርግ ቀና ሲል ብረቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ኩባያዎች አየ። ዝግ ብለው ነው፣ ግን ይዞራሉ። ላይዳውን ጣለ።

«ተመልከቱ» አለ። «ያው እዚያ አለ። እኛ ዘንድ ሳይደርስ እዚያ እየቀረ ነው።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ቀና አልን። እላይ ይዞራል፤ ታች ገለባ አይነቃነቅም። ዓይን ያየውን ምን ብለን እንካድ?

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከሚካኤል አጥር አጠገብ፣ ከወይራው ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው መሪጌታ ገብረ አምላክ ነበሩ። መሪጌታ ሥርዓት ከሚጓደል ፍርድ ቢጓደል የሚመርጡ ሰው ናቸው። ከሳሾቹ ምሳውና አውድማ ያለው ሰው ሁሉ ነው። መስታወትም ከከሳሾቹ መካከል ቆማለች፤ የነሱም ገብስ ሳይነሣ ተቀምጧልና።

ምሳው ክሱን በአገራችን አገውኛ፣ በኽምጥኛ ጀመረ፤ እኛ አገር ነገር ሲከር ሰው ወደ ኽምጥኛ ያዘነብላል። መሪጌታ በጭራቸው አስቆሙት።

«ተከሳሹ ይህን ቋንቋ ይሰማል?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ከየት ነው የመጣ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«እንግዲያው በአማርኛ ይሁን። በማይሰማው ቋንቋ ከሰሱት መባል የለበትም።»

ምሳው እንደገና በአማርኛ ጀመረ። ብረቱ ነፋሳችንን ከመንገድ እየጠበቀ ይወስዳል አለ። ሁለተኛም ሰንበትና በዓል አያከብርም፤ የሚካኤል ዕለት እንኳ ሲሽከረከር ውሏል አለ።

«ተከሳሹ የት አለ?» አሉ መሪጌታ።

«ያው፣ እዚያ ላይ ቆሟል።»

«ለምን አይቀርብም?»

«በሽቦ ተወጥሯል፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ አሰቡ። «እንግዲያው ዘመድ ይቁምለት። ዘመድ ባልቆመለት ላይ አንፈርድም፤ ነገ ወገን ነኝ የሚል መጥቶ ፍርዱን ያፈርስብናል። ዘመዱ ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ከኋላ ወደ ተቀመጠው ጓንጉል ዞረ። «እንጀራውን የሚበላ ሰው ከዚህ በላይ ምን ዘመድ አለ?» አለ ምሳው። «አብሮት ይውላል። አንድ ነገር ቢሆን የሚያዝንለትም እሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ መሪጌታ «ጓንጉል ካሤ፣ የብረቱ ወገን ሆነህ ቁም» አሉ።

ጓንጉል ተነሣ። መስታወት እንደ ልማዷ «እሱ ለማለት የፈለገው እኮ…» ብላ ስትጀምር መሪጌታ «አንቺ ከሳሽ ነሽ» አሏት። ጓንጉል ጋቢውን አስተካከለ። ላቡ መጣ። ሁላችንም እንደ ልማዱ ትቶ እስኪቀመጥ ጠበቅን።

«አልወሰደም» አለ።

ሸንጎው አጉረመረመ። ጓንጉል በሰው ፊት ተቃውሞ ሲናገር የሰማ ከመካከላችን አልነበረም።

«ማስረጃህ?»

ማስረጃ አልነበረውም። ብዙ ከቆመ በኋላ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ምርቱ እስኪገባና ሽማግሌው ራሱ ፍቱ እስኪል ድረስ የብረቱ ኩባያዎች ታስረው እንዲቆዩ ፈረዱ። አንዱ ከሳሽ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ነበርና «በዚህ ይጠፈር» ሲል ጓንጉል ሳይጠራ እንደገና ተነሣ።

«በማዳበሪያ ከረጢት አይሁን» አለ። «ሌብነቱ ገና አልተረጋገጠም። የሚታሰር ከሆነ በክብር ይታሰር።»

ይህን ያህል የሚረዝም ንግግር ከአፉ ሲወጣ መስታወት ራሷ ስለ ደነገጠች ይሁን ወይም ገብሷ ስላስጨነቃት እንጃ፣ መቀነቷን ፈትታ ሰጠች። እሷን ያዩ ሌሎች ሴቶችም ፈቱ። በእውቀቱ የተባለው ገደል ለገደል እየተንጠለጠለ ማር የሚቆርጠው ሰውዬ መቀነቶቹን በትከሻው አንግቶ ምሰሶውን ወጣ። እኛ ታች ሆነን አንገታችን እስኪያመን አየነው። ከታች ጀምሮ እስከ ጫፉ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ጠፈረና ወረደ። «እላይ ይበርዳል» አለ፤ ሌላ ነገር አላለም።

በእውቀቱ እግሩ መሬት ከነካ ብዙም ሳይቆይ ነፋስ መጣ።

እንዴት እንደሆነ እኔ አላውቅም። ያ ደመና አምጥቶት ይሆናል። ብቻ ከምሥራቅ ተነሥቶ አፋፉን ዘሎ ወረደና ወይራውን አንቀጠቀጠው። ሰንበት መሆኑን ያስታወሱ መሪጌታ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ደመናውን አይተው «በሬ ገደል ቢገባ በሰንበትም ይወጣል» አሉና ፈቀዱ። መንደሩ በሙሉ ወደ አውድማ ሮጠ። እብቁ እንደ ጉም ወደ ሸለቆው ይነዳ ነበር። ጓንጉልም መንሹን ይዞ የራሱን ገብስ አነሣ፤ ግን ፊቱን ወደ አፋፉ አላዞረም። በወገኑ ላይ የፈረደን ሰው ማዕድ እንደሚበላ ዘመድ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሠራው። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት እህሉ ሁሉ ከጎተራ ገባ።

አዲስ አበባ ደግሞ ፀጋ ቢሮ ውስጥ ካለው ስክሪን ላይ የአጋም አምባ ነፋስ ድንገት ሞተ። ነፋሱን የሚያሳየው መስመር መሬት ለመሬት ይሄዳል። መጀመሪያ ሳጥኑ የተበላሸ መሰላት። ሳጥኑ ግን በየሰዓቱ እየላከ ነው፤ የሚልከው ባዶ ነው። መኪና ይዛ ስትመጣ ከሩቅ ያየችው ብረቱን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መቀነት አጊጦ ነው። ጫፎቹ በነፋስ ይውለበለባሉ።

«ጋሽ ጓንጉል፣ ይህ ምንድነው?»

«መቀነት።»

«ማን አሰረው?»

«ፍርድ።»

ቀሪውን ከመስታወት ሰማች። ከዚያ ወደ አለቃዋ ደወለች። አለቃዋም ቁጥሩን የሚመረምሩት የውጭ አማካሪዎች እንደሆኑ፣ እነሱም ኩባያ የሚያቆሙ ምክንያቶች ብለው የሚያውቁት ብልሽት፣ መብረቅና በረዶ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ሽማግሌ የሚል የለም። «በረዶ ነበር በያቸው» አላት። ፀጋ ስልኩን ዘግታ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። ድንጋዩ ላይ እንቁላል ቢሰብሩበት ይጠበስ ነበር።

«እንፍታውና በረዶ ይዞት ነበር እንበል» አለችው ለጓንጉል። «ማንም አይጎዳም።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«በረዶ ነው ከተባለ ፍርዱ ውሸት ሆነ። ደግሞም በረዶ አልያዘውም። አብሬው ነበርኩ።»

«ጋሽ ጓንጉል፣ እርስዎ የኛ ጥበቃ ነዎት ወይስ የነሱ?»

«የሱ ዘመድ ነኝ» አለ ብረቱን በአገጩ እያሳየ። «በሸንጎ ተፈርዷል።»

ፀጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስትስቅ ቆይታ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ይግባኝ አለ?» አለች። ይግባኝ ነበረ።

ወይራው ሥር እንደገና ተሰበሰብን። ፀጋ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ኩባያዎቹ ነፋስን እንደማያስቀሩ በደንብ አድርጋ አስረዳች፤ ነፋሱ ገፍቷቸው ያልፋል እንጂ አይቀርም፣ እላይ ደግሞ ከታች ይልቅ ነፋስ የሚበረታ በመሆኑ ታች ፀጥ ሲል እላይ ቢዞር አያስገርምም አለች። ሰው በጥሞና ሰማት። መሪጌታም አመስግነው ጥያቄ አቀረቡ።

«ልጄ፣ ብረቱ በታሰረበት ከሰዓት በኋላ እላይ ምን ያህል ነፋስ ነበረ ይላል ጽሑፍሽ?»

«ባዶ ይላል፤ ግን ይህ የሆነው…»

«እኛ ግን ታች ሆነን ገብሳችንን አነሣን። ነፋስ ነበር?»

«ነበር» አለ ሰው ሁሉ።

«ከመታሰሩ በፊትስ፣ ታች ነፋስ ባጣንበት ሰሞን እላይ ነበረ?»

«እላይ ትንሽ ነበር፤ ግን ከፍታው…»

«እላይ ሲኖር ታች የለም። ታች ሲኖር እላይ የለም።» መሪጌታ ላፕቶፑን በአክብሮት ወደሷ ገፋ አደረጉ። «ከተከሳሽ ወገን እንዲህ ያለ ቅን ምስክር አይተን አናውቅም። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ፀጋ ስክሪኑን አየችና ላፕቶፑን ዘጋችው። ኋላ እንደነገረችን በቁጥሩ ብቻ ቢፈረድ እሷም ራሷ ብረቱ ላይ ትፈርድበት ነበር።

ያን ጊዜ ጓንጉል ተነሣ። ጋቢውን አላስተካከለም።

«የታሰረ ምስክር አይሆንም» አለ። «ዓይኑን ሸፍናችሁት ሳለ ያላየውን አላየሁም ቢል ይህ ውሸት ነው? እናንተን ሸፍነው ቢጠይቋችሁ ፀሐይ ወጥታለች ትላላችሁ?»

ምሳው ሊመልስ ፈልጎ ነበር፤ ጓንጉል ግን አላበቃም።

«ደግሞ ወሰደ እንበል። የት አደረገው? ኩባያዎቹን በእውቀቱ በእጁ ይዟቸዋል። ከጠላ ዋንጫ ያንሳሉ።» በእውቀቱ ከኋላ ሆኖ «ያንሳሉ» አለ። «ብረቱ ነፋሱን ይሰማል እንጂ አይነካውም። ቆሞ ይሰማል፣ ያ ነው ሥራው። መስማት መውሰድ ከሆነ እኔ ስንት ዘመን ነው ስሰርቃችሁ የኖርኩት። ከዚህ ወይራ ሥር የተነገረ ነገር ሁሉ በጆሮዬ አልፏል። የሠርጋችሁን፣ የድንበራችሁን፣ የሙታናችሁን ሰምቻለሁ። አንድ ቀን የመለስኩት ቃል የለም። ከመካከላችሁ ጓንጉል ሰማኝና ቃሌ ጎደለ የሚል ካለ ይነሣ።»

የተነሣ የለም። ምሳው እንኳ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጓንጉል ቀጠለ።

«በሰንበት ይሠራል ብላችሁታል። ነፋሱ በሰንበት ከነፈሰ መስማት ምኑ ነው ሥራ? እኛስ በሰንበት ቅዳሴ እንሰማ የለ? ስለ ራሴ መናገር ያሳፍረኛል፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለሱ መናገር ግን አያሳፍረኝም። እሱም እንደኔ መልስ አያውቅም።»

ተቀመጠ። መስታወት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሽማግሌዎቹ ከወትሮው አብልጠው ተመካከሩና ብረቱ ከስርቆቱም ከሰንበቱም ነፃ ነው፣ ይፈታ አሉ። አንድ ነገር ግን ከበደባቸው፤ ሽማግሌ ያለ እርቅ አይነሣም። ብረቱ የኛን ነፋስ ሰምቶ ወሬውን ለአዲስ አበባ ብቻ መንገሩ ለጎረቤት የሚገባ አይደለም አሉ። በመኸር ሰሞን የሰማውን ለእኛም እንዲነግር ጠየቁ። ፀጋ ደስ ብሏት ተስማማች፤ ነፋሱ በዚያ ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ በስንት ሰዓት እንደሚነሣና ከየት እንደሚመጣ እየተመለከተች ለጓንጉል ልትደውልለት ቃል ገባች። የእርቅ በግ ታረደ። የብረቱ ድርሻ ተለይቶ ቀረበና ስለሱ ሆኖ ጓንጉል በላው። ፀጋ ለአማካሪዎቹ ምን ብላ እንደጻፈች ጠይቀናት «እውነቱን» አለች። እነሱም ሦስት ጊዜ ማብራሪያ ጠይቀው በመጨረሻ ያን ሳምንት ከስሌቱ አወጡት።

ከዚያ ወዲያ ጓንጉል ሌላ ሰው ሆነ። መኸር በመጣ ቁጥር ፀጋ ትደውላለች፣ እሱ ከአፋፉ ጫፍ ቆሞ በሁለት እጁ አፉን ከቦ ይጮሃል። «ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው፣ ከምሥራቅ፣ ይበረታል።» ድምፁ ጎርናና መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። መጀመሪያ ነፋሱን ብቻ ይናገር ነበር። ኋላ ላይ የጠፋ በሬ ከላይ ሆኖ ካየ ይጨምራል፤ በመንገድ እንግዳ ከመጣ ወደ ማን ቤት እንደዞረ ያሳውቃል፤ የማን ሚስት ከማን ሚስት ጋር ምንጭ ላይ ብዙ እንደቆየች ሳይቀር ይጮሃል። በመኸር ሰሞን የተፈቀደለት ጩኸት በጥርም በየካቲትም ቀጠለ። ምሳው «ይህ ሰው አላስተኛን አለ» ብሎ ከሰሰው። ጓንጉል ቀርቦ ራሱ ተሟገተ፤ ክርክሩ ስለ ረዘመ ሽማግሌዎቹ ተርበው ክሱን ዘጉት።

የሌላ ቀበሌ ሰዎችም ይጠሩት ጀመር። አንዱ መንደር ወፍጮአቸው የሰው እጅ ስለ ቀጠፈ ሊያፈርሱት ሲሉ ለወፍጮው ወገን ሆኖ ቆሟል። ተረታ፤ ግን በወፍጮው ላይ የተፈረደው መፍረስ ሳይሆን ክዳን እንዲደረግለት ነበር። ለባለቤት አልባ በቅሎም ተሟግቶ ያውቃል።

ልኬታው ሲያበቃ ፀጋ ሠራተኞቿን ይዛ መጣች። ሽቦዎቹን ፈቱ፣ ምሰሶውን ቆራርጠው አወረዱ፣ በመኪና ጭነው በኒሯቅ አቅጣጫ ወደ ሌላ ተራራ ወሰዱት። ጓንጉል ዕቃ እያቀበለ ሲረዳ ዋለ።

በማግስቱ በማለዳ ምሳው ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ ከጓንጉል በር ደረሰ። ከኋላው መሪጌታና በእውቀቱ አሉ፤ ከነሱም ኋላ ሴቶች ንፍሮ ይዘው ይከተላሉ።

«እግዚአብሔር ያጥናህ» አለ ምሳው።

«አልሞተም እኮ» አለ ጓንጉል። «ሌላ ቦታ ሄዶ ነው።»

ምሳው ግራ ገብቶት ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ነገሩን መዘኑት። «ዘመድነቱ በሸንጎ የጸና ነው» አሉ። «ብረቱ ከእንግዲህ ወደዚህ አይመለስም። ሳይለቀስለት ቢቀር ነውሩ የኛ ነው። ግቡ።»

ገቡ። መስታወት መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈች። ጓንጉል መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ ኋላ ግን ሲጠይቁት ስለ ብረቱ ማውራት ጀመረ። ሐምሌ ላይ መብረቅ በአጠገቡ ሲወድቅ እንዴት ንቅንቅ እንዳላለ፣ አሞራ ጫፉ ላይ ሊያርፍ ሲሞክር ኩባያው በክንፉ እየመታ እንዴት እንዳባረረው፣ በጥር ሌሊት ፉጨቱ ቀጥኖ እንደ ማሲንቆ እንደሚያለቅስ ነገራቸው። አንዲት አሮጊት እውነት እንባ አወጣች። የሚያስለቅስ ነገር እንዳለ የተረዳን ያኔ ይመስለኛል።

ንፍሮው ሊያልቅ ሲል ስልኩ ጮኸ። ፀጋ ናት። ጓንጉል ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ጋሽ ጓንጉል፣ ውጤቱ ተሠርቷል። ነፋሱ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ። ተሽከርካሪዎቹ ይተከሉ አይተከሉ ገና አልታወቀም፤ መንገድ አለ፣ የመብራት መስመር አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ብዙ ነገር ይቀራል። ነፋሱ ግን አልፏል።»

ልጃቸው ፈተና አለፈ እንደተባሉ ወላጆች የሁሉም ፊት በራ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ከንፈራቸውን አሾሉና ለቅሶ ላይ መሆናቸውን አስታውሰው ወደ መሪጌታ አዩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«ዝግ ብላችሁ» አሉ።

ሴቶቹም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ዝግ ብለው እልል አሉ።